«እሱ» ማን ነው?

የያዙን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤቱ በሚከትበት ሰዓት። በዚህ የወደብ ከተማ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ የዲያቆን ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ወዳጄ እትዬ ከማራገቢያው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ያበጡ እግሮቻቸውን ዱካ ላይ ሰቅለው ይከራከሩኛል። ሁለት ወጣት ወንዶች ገቡ፤ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ፣ ሥርዓት ያላቸው። ልብስ ሊያሰፉ የመጡ መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። አንደኛው በትሕትና «አይ ማዳም፣ አብራችሁን ትሄዳላችሁ» አለ። እትዬ በፈረንሳይኛ ምክንያቱን ጠየቁት። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ።

«ስለ እሱ ስለምታወሩ ነው።»

«ስለ ማን?»

«ስለ እሱ» አለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። እኔ ጣራውን አየሁ። እትዬ ግን ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፣ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

የት እንደወሰዱን አልናገርም፤ እዚያ የነበሩት ሰዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል። ክፍሉ እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ግድግዳው ሰዎች ጭንቅላታቸውን ባስደገፉበት ቦታ ሁሉ ወዝ ይዟል። ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል ውሃ አለ። ውሃው ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው። ማራገቢያም ነበር፤ ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጠባቂዎቹ አዙሮ። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የጨው ሽታና ወደ ዶራሌ ወደብ የሚወርዱት መኪኖች ድምፅ ይገባል።

ምንጣፉ ላይ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ወሎዬ ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ ነው የገባችው። ቦታዋን ሳትለቅ ከላይ እስከ ታች አየችን።

«ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ስለ እግዚአብሔር ስንከራከር» አልኳት።

ትንሽ አሰበችበት። «ማን አሸነፈ?»

«ገና አላለቀም» አሉ እትዬ።

ክርክራችንን ካልነገርኳችሁ የተያዝንበት ነገር አይገባም። እኔ እዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ነገረ መለኮት ተምሬያለሁ። እዚያ ሳለሁ የሂደት ነገረ መለኮት የሚባለው ሐሳብ ልቤን ወሰደው። እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር ዓለምን ከላይ ሆኖ በትእዛዝ አይነዳም። ይጠራል፣ ያባብላል፣ አያስገድድም። ከፍጥረቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። የእኛ ሐዘንና ደስታ እሱንም ይነካዋል፤ ስለዚህ በአንድ በኩል እሱም ይለወጣል። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አታስተምርም። አንድ ቀን ለንስሐ አባቴ ልዘረዝርላቸው ብጀምር ጥቂት ሰምተው «ልጄ፣ ቀሚሱ መቼ ያልቃል?» አሉኝ።

እትዬ ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናቸው። አባታቸው ምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ እዚሁ ተወልደው እዚሁ አረጁ። የእሳቸው መንገድ ሃይማኖታዊ ሰብአዊነት ይባላል። ጾሙን ከእኔ አጥብቀው ይጾማሉ፤ ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። ከላይ ግን ማንንም አይጠብቁም። ቅዱስ የሚባለው ነገር ሰው ለሰው ሲደርስለት የሚታየው ነው፤ ሃይማኖትም እሱን የምንለማመድበት ቤት ነው ይላሉ። «እሱ ኖረም አልኖረም ሥራው የእኛ ነው» የምትለዋን ነገር በቀን አንዴ ካላሏት አይመሽላቸውም።

የሱቄ ግድግዳ ድምፅ የሚያሳልፍ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ከግድግዳው ማዶ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ተከራይቶ ኖሯል። ይህ ሰው ስንት ቀን እንደሰማን አላውቅም፤ የሰማው ግን የሚከተለውን ነው። እኔ፦ «ሁሉን ቻይ ነው የሚሉት ፈርተው ነው፤ በኃይል አይገዛም፤ ይለወጣል፣ አሁንም እየተለወጠ ነው።» እትዬ፦ «እሱ ባይኖርም እኛ ራሳችንን እንችላለን።» እኔ ራሴ ከግድግዳው ማዶ ብሆን ኖሮ ስለ አገሩ መሪ የሚዶልቱ መስሎኝ ሄጄ የምናገር ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት እኔን አስቀድመው ጠሩኝ። የሚጠይቀውን ሰው ሁሉም በፈረንሳይኛ «ሼፍ» ነው የሚሉት፤ አለቃ ማለት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሙቀት ያደከመው፣ ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ በየመካከሉ አንገቱን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። አጠገቡ አስተርጓሚው ተቀምጧል። አስተርጓሚው አማርኛ የተማረው ዶራሌ ከከባድ መኪና ሹፌሮች ጋር ሲውል ነው፤ አፉን ሲከፍት ይታወቃል።

«እናት፣ እሱ ማን ነው?» አለኝ።

«እግዚአብሔር።»

አስተርጓሚው ተርጉሞ መልሱን ሰማና «ሼፍ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው ይላል» አለ።

«ሌላ ምን ልበል? እሱ ነዋ።»

ሼፍ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው አሳጠረው። «በአምላክ የሚያምን ሰው አምላክ ሁሉን አይችልም አይልም። እንዲህ የሚባለው ስለ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ አማኝ ነኝ ብለሻል። ስለዚህ ያልሽው ስለ ሰው ነው።»

ካሰብኩት ሁሉ ውስጥ ይሄኛው አልነበረበትም። በቋንቋችን በኩል ልወጣ ሞከርኩ። በአማርኛ ትልቅ ሰው ሲነሣ «እሳቸው» ይባላል፤ ባለ ሥልጣን ማለታችን ቢሆን ኖሮ «እሳቸው» እንል ነበር፤ «እሱ» ብለን የምንጠራው እግዚአብሔርን ነው አልኩ።

ሼፍ ፊቱን አጨማደደ። «ባለ ሥልጣኑን ከአምላክ አስበልጣችሁ ታከብራላችሁ?»

«አይደለም። ለእግዚአብሔር ቅርበት ስለሚሰማን ነው።»

«የሚጠሉትንም ሰው እኮ አንቱ አይሉትም» አለ። ይህችን አስተርጓሚው ሲነግረኝ ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ የአለቃው ብልህነት ደስ ብሎታል።

የባሰውን ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው። የገበያ ፈረንሳይኛዬን ተማምኜ፣ ይህ ትምህርት ስም ያለው፣ በመጻሕፍት የሚታወቅ መሆኑን ላስረዳ ፈለግኩ። «ቴዎሎዢ ዱ ፕሮሴ» አልኩ። ሼፍ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ለካስ «ፕሮሴ» ማለት በእነሱ ቋንቋ የፍርድ ቤት ክስ ነው፤ ሂደት ለማለት መጨረሻው ላይ ያለችውን «ስ» መጥራት ነበረብኝ።

«የማን ክስ?» አለ ሼፍ። «እሱን ልትከሱት ነው?»

ወደ ክፍሉ መለሱኝና እትዬን ወሰዱ። ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«እውነቱን። ሃይማኖቴን እወዳለሁ፣ ከላይ ግን ማንንም አልጠብቅም አልኩት።»

«እትዬ፣ ከላይ ማንንም አልጠብቅም ይባላል እዚህ?»

«ጠየቀኝ፣ መለስኩ።» ሻሻቸውን ፈትተው አንገታቸውን ጠረጉ። «ፈተና ሰጥቶናል። ነገ አንቺ እኔ የማምነውን ትናገሪያለሽ፤ እኔ አንቺ የምታምኚውን። እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን ካልነው ጋር ከገጠመ የሃይማኖት ጭቅጭቅ ነው፤ ካልገጠመ ሽፋን ነው አለ። ሞኝ ሰው አይደለም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እኔም እንዲህ ባደርግ ጥሩ ነበር።»

እኔ ምንም ችግር አልታየኝም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስከራከራቸው የኖርኩትን ሰው እምነት እንዴት አጣዋለሁ? ወሎዬዋ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። እግሯን አጥፋ ፈታኝ ሆነች።

«እስቲ አንቺ ጀምሪ። እማማ ምንድን ነው የሚያምኑት?»

«እግዚአብሔር የለም ነው የሚሉት» አልኩ።

እትዬ ከግድግዳው ተነሡ። «መቼ ነው እንደዚያ ያልኩት?»

«ሁልጊዜ ይሉ የለ?»

«የማላውቀውን አልክድም። አልጠብቅም ነው ያልኩት። አለመጠበቅና መካድ አንድ ነው?»

«ወደቅሽ» አለችኝ ወሎዬዋ። «እሺ እማማ፣ የእሷስ?»

«የእሷ አምላክ መልካም ነው፤ አቅም ግን የለውም።»

«አቅም የለውም አላልኩም» አልኩ። «አያስገድድም ነው ያልኩት። ማባበል አቅም አይደለም? እርስዎ አርባ ልጅ በልምጭ ነው ወይስ በማባበል ያስተማሩት?»

«በሁለቱም።»

«ወደቁ» አለች ወሎዬዋ።

እንዲህ እየተባባልን ቀኑ ገፋ። የገረመኝ እሳቸው ያሉትን ነገር አንድም ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምቼ አለማወቄ ነው። እሳቸው ሲናገሩ እኔ መልሴን እሰፋ ነበር። እሳቸውም ያው። ፈታኛችን ተሰላችታ በራሷ ጉዳይ መጣችብን።

«እኔ የምነግራችሁን ስሙ» አለች። «ማዳሜ ለበዓል አገሯ ስትሄድ ከውጭ ቆልፋብኝ ሄደች። ዘበኛው አፋር ነው፤ አማርኛ አያውቅም፣ እኔም የእሱን አላውቅም። በመስኮቱ ብረት ውሃና ዳቦ ሲያቀብለኝ ሰነበተ። በኋላ ቁልፉን በድንጋይ ሰበረልኝ። ወጥቼ መንገድ ላይ ስገኝ ወረቀት የለሽም ተብዬ እዚህ ገባሁ። እና፣ ያንን ማን አደረገው?»

«እግዚአብሔር ልቡን ጠራው» አልኩ። «ሊያስገድደው አይችልም፤ ዘበኛው እምቢ ማለት ይችል ነበር። ጥሪውን ሰማና እሺ አለ።»

«ዘበኛው ነው ያደረገው» አሉ እትዬ። «ድንጋዩን ባነሣበት ሰዓት እሰግዳለሁ። ከዚያ የበለጠ ቅዱስ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።»

«እምቢ ቢልስ ኖሮ?»

ኮሪደሩ ላይ ማራገቢያው ይሽከረከራል።

«እግዚአብሔር አብሮሽ ይጠማ ነበር» አልኩ በመጨረሻ። እያልኩት ሳለሁ ለውሃ ጥም የማይበቃ መልስ መሆኑ ተሰማኝ።

«ሌላ ሰው መስማት ነበረበት» አሉ እትዬ። «ጎረቤት፣ መንገደኛ፣ እኔ።» የእሳቸውም ድምፅ አልሞላም።

ወሎዬዋ ሁለታችንንም በትዕግሥት አየችን። «ዘበኛውን የላከው ቅዱስ ሚካኤል ነው» አለች። «ተስዬ ነበር።» በእሷ በኩል ጉዳዩ ተዘጋ። ጋደም ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልብ ብለሻል?» አሉኝ። «በሦስታችንም ዘንድ ቁልፉን የሰበረው ያው ዘበኛው ነው።»

«ታዲያ እኛ የምንጣላው በምንድን ነው?»

«ማን ቀሰቀሰው በሚለው።»

«እና ባይመጣ ኖሮ ያ ጥማት የት ይገባ ነበር በሚለው» አልኩ። «በእርስዎ የት ይገባል?»

«ማንም ካላስታወሰው ይጠፋል። ለዚህ ነው ማስታወስ ያለብን።»

«በእኔ አይጠፋም። እሱ ጋ ይቀመጣል፤ አንዲት ጠብታ አይወድቅበትም።»

«በዚህ እቀናብሻለሁ» አሉ እትዬ።

«እኔ ደግሞ በፍጥነትዎ እቀናለሁ። እኔ ጠራኝ ወይስ አልጠራኝም ስል እርስዎ ደርሰው ይመለሳሉ።»

በማግስቱ ከሼፍ ፊት እንደ ተማሪ ቀረብኩ። እትዬ የሚያምኑትን በጥንቃቄ ተናገርኩ፤ ቅዱሱን ነገር በሰው መካከል እንደሚያዩት፣ ቤተ ክርስቲያንን ያንን የሚማሩበት ቤት አድርገው እንደሚወዷት፣ የማያውቁትን እንደማይክዱ፣ እጃቸውን አጣጥፈውም እንደማይጠብቁ። አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆነ። ሼፍ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«በአጭሩ። ታምናለች ወይስ አታምንም?»

አዎ ብል ውሸት ነው፤ እትዬም አይምሩኝም። አያምኑም ብል ይህ ወሬ ከክፍሉ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። «ይህን እሳቸውን ነው መጠየቅ» አልኩ። «እኔ የማውቀው አሟቸው እንኳ ቅዳሴ እንደማይቀሩና እኔ ወባ ይዞኝ ስተኛ ሾርባ ያመጡልኝ እሳቸው መሆናቸውን ነው።»

ሼፍ ጻፈ። አንገቴን ሳሰግግ አስተርጓሚው አየኝና «ሾርባ ብሎ ነው የጻፈው» አለኝ።

ቀጥሎ እትዬን አስገቧቸው፤ እኔን ግን አላስወጡኝም። እትዬ በዚያ በጠራው የአስተማሪ ፈረንሳይኛቸው፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ ስለ እኔ አምላክ መናገር ጀመሩ። ስላልገባኝ አስተርጓሚውን ለመንኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እንዲህ ነው የሚሉት። የእሷ አምላክ መሪ አይጨብጥም። ሹፌሩ አንቺ ነሽ። እሱ ጋቢና ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጦ በዚህ ይሻላል ይልሻል፤ ትሰሚያለሽ፣ ትተያለሽ። መኪናው ገደል ቢገባ ግን ዘሎ አይወርድም። አብሮሽ ይገለበጣል። ከዚያ የተበተነውን ጭነት አንድ ሳያስቀር ይሰበስባል።» «ደስ ይላል» ብሎም ጨመረ።

«ጋቢና ብለዋል እትዬ?»

«አይ፣ ጋቢናው የእኔ ነው።»

እትዬ አንድ ነገር አከሉ። አስተርጓሚው እሱን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት። «እኔ የማምንበት አይደለም፤ ማመን ቢኖርብኝ ግን የማምነው በዚህኛው ነው ይላሉ።»

እትዬን አየኋቸው። እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያያሉ።

ሼፍ ወረቀቶቹን አስተያየና «ይገጥማል» አለ። ደስ ያለው ይመስላል። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጉዳዩን መዝጊያ ነገረን። «አለቃዬን ለማሳረፍ አንድ ነገር ብቻ ይበቃኛል። ሁለታችሁም በቃላችሁ፦ እሱ ሁሉን ይችላል፣ አይለወጥም፣ ያለ እሱ ምንም አንችልም። በሉና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

«የትኛው እሱ?» አሉ እትዬ።

ሼፍ ትከሻውን ነቀነቀ። «ለሁለቱም ቢሆን አይጎዳም።»

እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ለመውጣት ብዬ የምለው ነገር ጸሎትም አይሆን፣ ምስክርነትም አይሆን። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልልም።»

ሼፍ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ እንኳ ታምኛለሽ።»

«አምናለሁ።»

«እንግዲያ በይው።»

ልለው ፈልጌ ነበር። ገላዬን መታጠብ አምሮኛል፤ ቀሚሱ ለእሑድ ነው፤ እትዬም ቢሆኑ አይፈርዱብኝም። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እሱ ማንንም አያስገድድም ብዬ ነው የታሰርኩት» አልኩ። «ተገድጄ ስለ እሱ ብናገር ዋሸሁበት ማለት ነው። እዚህ አልልም። ከፈለጉ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ይስሙኝ፤ ጮክ ብዬ ነው የምለው።»

አስተርጓሚው እንዴት ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ሼፍ ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እንደዚያ ሆኖ «የማታምነው አልልም አለች። የምታምነውም አልልም አለች» ማለቱን ግን እትዬ ኮሪደሩ ላይ ነገሩኝ።

ወሎዬዋ የሆነውን ስትሰማ ተናደደችብን። «እኔን ቢጠይቁኝ መቶ ጊዜ እልላቸው ነበር» አለች። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም።» ትንሽ ቆይታ ግን ተነሣች፤ ምንጣፏን ወደ ግድግዳው ጎትታ ከመስኮቷ ሥር ያለውን ቦታ ለእትዬ ለቀቀች። ከገባን ጀምሮ ያንን ቦታ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። እትዬ እግራቸውን ዘርግተው ተኙ።

በማግስቱ በሩ ተከፈተ። ጫት ሻጮች ተደባድበው ክፍሉ ለእነሱ ተፈልጎ ነበር። ሼፍ ራሱ እስከ ውጭው በር ሸኘን። «አለቃዬን፣ ሕገ ወጥ ድርጅት ለመሆን ቢያንስ ሁለት የሚስማሙ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ ግን በምንም አይስማሙም አልኩት» አለ ለእትዬ። አንገቱን ጠረገ። «የተስማማችሁበትን አንዱን ነገር አልነገርኩትም።»

እትዬ ገላቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ነው ከበዓል የተመለሰችውን የወሎዬዋን ማዳም ፍለጋ የሄዱት። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ጨምረው ሳሎኗ ገብተው ተቀመጡ፤ ማዳሟ የያዘችው የወሎዬዋ ፓስፖርት እስኪወጣ ድረስ አልተነሡም። እኔ በዚያ ቀን ቤቴ ሆኜ ጸለይኩ፣ ቀጥሎም ተከተልኳቸው። ወሎዬዋን በፓስፖርቱ አስፈትተን ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ወስደን ወደ አገሯ አሳፈርናት። ስትሰናበተን እትዬን ሦስት ጊዜ ሳመቻቸውና «ሚካኤል ነው የላከዎት» አለቻቸው። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት።

አሁንም እንከራከራለን፤ ብቻ ድሮ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምር ነበር፣ ዛሬ እንጠባበቃለን። ሰው አንዳንዴ ይጠይቀኛል፤ በዚያ ሁሉ ነገር እምነትሽ አልተናወጠም ወይ ይለኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር እምቢ ያሉት እትዬ የእኔን እምነት አያምኑም ነበር ብዬ እመልሳለሁ። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አላውቅበትም።

እሑድ እሑድ በሴቶች በኩል ጎን ለጎን እንቆማለን። ጸሎተ ሃይማኖት ሲደረስ እኔ አብሬ እላለሁ። «ሁሉን የያዘ» የሚለው ጋ ስደርስ ደስ ይለኛል፤ መያዝና ማስገደድ ለየቅል ናቸው ብዬ ለራሴ ተርጉሜዋለሁ። እትዬ ሌላውን ሁሉ ከሕዝቡ ጋር ያዜማሉ፤ እዚያ ላይ ብቻ ከንፈራቸውን ገጥመው ይቆማሉ። ባለፈው ሳምንት ከኋላችን የቆመች አዲስ ሴት ይህን አይታ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው።

«እማማ፣ አሞዎት ነው?»

«አይ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሏት በሹክሹክታ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «እሷ እስክትጨርስ ነው።»